ክርክር፦ የድሮ ኮምፒውተርን በአኒሜ ልጅ መሳል ታሪክ ያቆያል ወይስ ያዛባል?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይኸው። የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ወዳጆች እንደ ኮሞዶር 64፣ ስፔክትረምና ሻርፕ ኤክስ68000 ያሉ የድሮ የቤት ኮምፒውተሮችን በሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በወጣት ሴት መልክ ይስሏቸዋል። ልማዱ ስም ያወጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጃፓኖች በብልሽቱ የታወቀውን የማይክሮሶፍት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዊንዶውስ ኤምኢን፣ ነገር የሚበላሽባት ባለ አረንጓዴ ጸጉር ልጅ አድርገው ሲስሉ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) ደግ ነው ትላላችሁ?

ዳዊት፦ በጣም ደግ ነው። ኤክስ68000 በ1987 ሲወጣ ሳጥኑ መንታ ግንብ ነበር፤ በሁለቱ መሃል ብቅ የሚል መያዣ አለው። ይህን ያላወቀ ሠዓሊ ገጸ ባህርይዋን ሊስላት አይችልም። ያየ ደግሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ዝርዝር ብሰጠው ዞር ብሎም አያየኝ።

ህሊና፦ ዳዊት፣ መያዣውን ማወቅ ማሽኑን ማወቅ አይደለም። ሶፊ ዊልሰንን ስንቶቻችሁ ታውቋታላችሁ? በ1981 ቢቢሲ ማይክሮ ለተባለው የእንግሊዝ ኮምፒውተር የቤዚክ ፕሮግራም ቋንቋውን የጻፈችው እሷ ናት። በኋላም ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ የሚሠራውን የኤአርኤም ፕሮሰሰር የትዕዛዝ ስብስብ ነደፈች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሴት ሠሪ ነበረች። ሥዕሉ ግን ዕቃው ራሷ እንድትሆን ያደርጋታል። እኔን የሚያመኝ ይህ ነው።

ቢኒ፦ ይህ እኮ ከአድናቂዎች አልተጀመረም። በ1980ዎቹ ሶኒ ሂትቢት የተባለውን ኮምፒውተሩን ጃፓን ውስጥ ያስተዋወቀው በዘፋኟ ሴይኮ ማትሱዳ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኮሞዶር ቪአይሲ-20 ለተባለው ኮምፒውተሩ ተዋናዩን ዊሊያም ሻትነርን አቀረበ። ዊንዶውስ 7 በ2009 ጃፓን ሲገባም ናናሚ የምትባል የአኒሜ ልጅ አብራው ቀረበች።

ህሊና፦ ኩባንያ አደረገው ማለት ልክ ነው ማለት ነው እንዴ?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆቼ፣ እኔ ስፔክትረም ላይ ነው የተማርኩት፤ ስለ እሱ ልናገር። በ1982 ከእንግሊዝ የወጣ፣ የላስቲክ ቁልፍ ያለው፣ ጥግ ላይ ባለቀለም ሰንበር የተሰመረበት ትንሽ ማሽን ነው። ጨዋታ ከካሴት እስኪጫን እየጮኸ ደቂቃዎች ይፈጃል። ትልቁ ጠባዩ ግን ቀለሙ ነው። ስክሪኑ ስምንት በስምንት ነጥብ በሆኑ ካሬዎች ይከፈላል፤ አንዱ ካሬ ከሁለት ቀለም በላይ አይችልም። ስለዚህ ቀይ ሰውዬ በአረንጓዴ ዛፍ ሥር ሲያልፍ፣ ወይ እሱ ይለመልማል ወይ ዛፉ ይቀላል። ጥፋት አልነበረም፤ የማሽኑን ሜሞሪ ለመቆጠብ ነው። የስክሪኑ ሥዕል ከነቀለሙ 6,912 ባይት ብቻ ነበር የሚይዘው። እንግዲህ የልብሷ ቀለም ወደ ፊቷ የፈሰሰባት ልጅ ብትሳል፣ ሠዓሊው ማሽኑን ያውቀዋል እላለሁ። ሰንበሩን ቀሚስ ላይ ለጥፎ «ስፔክትረም ናት» ቢለኝ ግን አልቀበልም። ያ ልብስ ነው።

ዳዊት፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! እኔ ማለት ያቃተኝን እርስዎ አሉት። ጉድለቱ ነው ጠባይ የሚሰጣት። ዊንዶውስ ኤምኢም የተወደደችው በጉድለቷ ነው።

ቢኒ፦ ኤምኤስኤክስስ? እሱ እኮ ሶኒም፣ ያማሃም፣ ፊሊፕስም የሠሩት የጋራ ደረጃ እንጂ አንድ ማሽን አይደለም። ማንን ትስላላችሁ?

ዳዊት፦ እህትማማቾች አድርጎ መሳል ነዋ። ጠባያቸው አንድ፣ መልካቸው የየቅል።

ህሊና፦ ጋሽ ታደሰ ያሉትን ከልቤ እቀበላለሁ፤ እንደዚያ የተሳለ ሥዕል ያስተምራል። ግን የፈሰሰው ቀለም አዛውንት ፊት ላይም ይታያል፣ ጎረምሳ ፊት ላይም ይታያል። ለምን ሁልጊዜ ወጣት ሴት? ዳዊት፣ ይህን አልመለስክልኝም።

ዳዊት፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለዚህ በቂ ምክንያት የለኝም። ማሽኑ አያስገድድም፤ የለመድነው ነው። ሥዕሉን ግን በዚህ ብቻ አልጥለውም።

ህሊና፦ እኔም ጣለው አላልኩም። ከሥሩ የሠሪዎቹን ስም ጻፉ፣ አንዳንዴም እነሱን ሳሉ ነው የምለው።