ማንነትን ሰውሮ በምእመናን መካከል መኖር መንጋን መተው ነው ወይስ መቅረብ?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። የቲቤት ቡድሂዝም መምህር የሆኑት ሚንግዩር ሪንፖቼ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕንድ ውስጥ ቦድ ጋያ ከሚገኘው ገዳማቸው ደብዳቤ ብቻ ትተው በሌሊት እንደወጡ፣ አገልጋይ ሳይለያቸው ያደጉት እኚሁ ሰው በባቡር ጣቢያ ወለል ላይ ከድሆች ጋር እንደተኙና አራት ዓመት ተኩል ያህል እንደ ተራ መናኝ ሲዘዋወሩ እንደቆዩ ካነበብኩ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ባለፈው ጉባኤያችን አባታችን «ምን የጎደለ አለ?» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። አንዲት እናት ግን በር ላይ አስቁመውኝ ልጃቸው መታከሚያ እንዳጣ ነገሩኝ። ለምን ውስጥ እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው «ለእርሳቸው እንዲህ ያለውን በምን አፌ?» አሉ። አባቶቻችን አንድ ሳምንት እንኳ ሳይታወቁ በመካከላችን ቢኖሩ አይበጅም ትላላችሁ?

ከሂርማታ፦
ወንድሜ፣ ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ኸሊፋው ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ አንድ ሌሊት ከአገልጋያቸው ከአስለም ጋር ከመዲና ውጭ ሲዘዋወሩ፣ አንዲት ሴት የተራቡ ልጆቿን ለማስተኛት ባዶ ውኃ ጥዳ አገኟት። ማን እንደሆኑ ሳታውቅ ዑመርን በአላህ ፊት እንደምትከሳቸው ነገረቻቸው። ዱቄትና ስብ በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው ተመለሱ፤ አስለም ልሸከምልዎ ቢላቸው በትንሣኤ ቀን ሸክሜን ትሸከምልኛለህን ብለው ከለከሉት፤ ጭሱ በጢማቸው መካከል እየወጣ እሳቱን እፍ እያሉ ራሳቸው አበሰሉ። ያን ክስ ፊት ለፊት ሊሰሙ የቻሉት ስላልታወቁ ብቻ ነው። ሲነጋ ደግሞ ሥራቸው ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ መንጋ አልተበተነም።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፦
የዑመር ታሪክ ልብ ይነካል፤ ሆኖም እርሳቸው የሚመለሱበት ጎተራ ነበራቸው። ችግርን ማየትና ችግር ውስጥ መግባት አንድ አይደሉም። ሪንፖቼ ኩሺናጋር በተባለች የሕንድ ከተማ ገንዘባቸው ሲያልቅ፣ ቀድሞ ከፍለው ይበሉበት ወደነበረው ምግብ ቤት ለልመና ሄዱ፤ ትራፊ የሚሰጠው ማታ ስለሆነ ያን ጊዜ እንዲመለሱ ተነገራቸው፤ የበሉት ትራፊም ለሞት የሚያደርስ ሕመም አስከተለባቸው። በእኛም ስንክሳር በጥቅምት 14 የምናስበው ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ሲኖር፣ አገልጋዮች የሳህን እጣቢ ይደፉበት ነበር። ማንነቱ የታወቀው ከሞተ በኋላ በእጁ በተገኘው ጽሑፍ ነው። ጠያቂው ያሉት አንድ ሳምንት ለእኔ ያንሳል፤ ሰው መገፋትን የሚያውቀው የሚመለስበት ቀን ሳይቆረጥ ሲቀር ይመስለኛል።

ጀበና ቡና የምትሸጥ፦
ወንድሞቼ፣ እኔ ያየሁትን ልናገር። ቡና የማፈላው መርካቶ አጠገብ ነው። አንድ ማለዳ አንድ አባት ጥምጣማቸውን ሳያደርጉ ጋቢ ብቻ ለብሰው መጥተው በሁለት ወዛደሮች መካከል ዱካ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው ወዛደር የቤት ኪራይ ሦስት ወር እንዳለፈበትና ሚስቱን ወደ ወላጆቿ ሊልክ እንደሆነ እያጫወታቸው፣ እርሳቸውም ሲኒያቸውን ይዘው በጥሞና እየሰሙ ሳለ፣ አንድ ሕፃን መንገድ ተሻግሮ ሮጠና «አባ፣ ይፍቱኝ!» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሰውዬው በዚያው ቅጽበት ብድግ ብሎ ዱካውን በእጁ ጠረገላቸውና ራቅ ብሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አባታችን ተከትለውት ሄደው ጆንያው ላይ አጠገቡ ቢቀመጡም፣ ስለ ኪራዩ ዳግመኛ አልተነፈሰም።