ከፒኤችዲ በኋላ የት? ለባዮሜዲካል ልጆች የፖስት ዶክ ፌሎውሺፕ ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ። ፖስት ዶክ ማለት ከፒኤችዲ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ምርምር ነው፤ ፌሎውሺፕ ደግሞ ለዚያ የሚከፈል ድጋፍ። ኢሚውኖሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ ምናምን ጨርሳችሁ «የቱ ፌሎውሺፕ ይሻለኛል?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጻፋችሁልኝ ሁሉ እዚሁ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ክፍያው ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ዲግሪያችሁ ላይ የተጻፈውን ቀን አይታችሁ ኑ እላለሁ።

ለምሳሌ ኤምቦ፣ የአውሮፓው የሞለኪውላር ባዮሎጂ ድርጅት። ስሙ ከባድ ነው፣ ማመልከቻውም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ግን ፒኤችዲ ከያዛችሁ ሁለት ዓመት ካለፈ ቀረ። እኛ አገር ሰው ዲፌንድ እንዳደረገ (የመመረቂያ ጥናቱን አቅርቦ እንደተከላከለ) ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ማስተማር ይጀምራል፤ ኮርስ ይደረብበታል፣ የዲፓርትመንት ኃላፊነት ይጨመርበታል፣ ቀና ሲል ሁለቱ ዓመት አልቋል።

ስለዚህ ከአገር መውጣት ለሚፈልግ የመጀመሪያ ምርጫዬ የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ኩሪ ፌሎውሺፕ ነው። ከፒኤችዲ በኋላ እስከ 8 ዓመት ይፈቅዳል፣ ዜግነት አይጠይቅም፣ ዲፌንድ አድርጋችሁ ካለፋችሁ ጋወኑን ገና ባትለብሱም ይቀበላል። የሚከለክለው፣ ከመዝጊያው ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ ከኖራችሁ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ነው። የ2024ቱ ጭራሽ በዕንቁጣጣሽ ዕለት ነበር የተዘጋው፤ የአማካሪያችሁን ፊርማ ለዚያ ሳምንት አታቆዩ።

የማሪ ኩሪ ነጥብ 50 ከመቶ ለሳይንሱ ጥራት፣ 30 ለፋይዳው፣ 20 ለአፈጻጸሙ ነው። ያየኋቸው አብዛኞቹ ፕሮፖዛሎች ኃይላቸውን ሁሉ ሳይንሱ ላይ ጨርሰው የፋይዳውን ክፍል በመጨረሻዋ ሌሊት የጻፉት ይመስላሉ። ሌላም አለ። ገምጋሚዎቹ ተቀባዩ ላብ (ላቦራቶሪ) ምን እንደሚያስተምራችሁ ብቻ አይደለም የሚያዩት፣ እናንተ ለላቡ ምን ይዛችሁ እንደምትመጡም ያያሉ። ይሄ ላይ እኛ አላስፈላጊ ትሕትና እናበዛለን። መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ ካላዛር በተባለው በሽታ ላይ የሠራ ሰው፣ ታካሚ መዝግቦ፣ ናሙና ወስዶ፣ በረዶውን ጠብቆ አዲስ አበባ ያደረሰ ሰው፣ አውሮፓ ላብ ውስጥ የሌለ ሙያ ይዟል። በዝርዝር ጻፉት። ክፍያውን በተመለከተ ወረቀቱ ላይ የምታዩት አሃዝ የአሠሪው መዋጮና ግብር ሳይነሳለት ነው፤ እጃችሁ የሚገባው በጣም ያነሰ ይሆናል።

ጀርመን ለሚያስብ የሁምቦልት ፋውንዴሽን ፌሎውሺፕ አለ፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ ያመለክቱበታል፣ የአገር ኮታ የለውም፣ ከምንም በላይ ያሳተማችሁትን ፔፐር ያያል። ጃፓን ከሆነ ጄኤስፒኤስ (የጃፓን የሳይንስ ማበረታቻ ድርጅት) በወር 362,000 የን ይከፍላል፣ እስከ ሁለት ዓመት። ማመልከቻውን የሚያስገባላችሁ ግን ተቀባዩ ፕሮፌሰር ነው፣ እሱ ካልተንቀሳቀሰ ነገሩ የለም። ኤችኤፍኤስፒን (ሂውማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራም የሚባለውን ዓለም አቀፍ ድጋፍ) ደግሞ መስክ መቀየር ለሚፈልግ ብቻ ነው የምጠቁመው። የፒኤችዲ ሥራችሁን ለማራዘም ከሆነ አትልፉ።

አገሬ ሆኜ ልሥራ ለሚል ዌልካም የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጠውን ኧርሊ ካሪየር አዋርድ የሚያህል የለም። ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ለምርምሩ እስከ 400,000 ፓውንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት። የኢትዮጵያ ተቋም ተቀባይ መሆን ይችላል፤ ለምሳሌ አለርት ሆስፒታል ጎን ያለውን የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ወይም የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ ማነጋገር ትችላላችሁ። የፖስት ዶክ ልምዳችሁ ግን ከሦስት ዓመት መብለጥ የለበትም፤ ውጭ ብዙ ቆይቶ ለሚመለስ ይሄ ወጥመድ ነው። ፕሮፖዛል ከመጀመራችሁ በፊት የተቋሙን ፋይናንስና ግዥ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ፦ የውጭ ገንዘብ እንዴት ይገባል? ከውጭ የሚመጣ ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) ከጉምሩክ የሚያወጣው ማነው? ቀዝቃዛ ሰንሰለት የሚፈልግ ዕቃ ቦሌ ካርጎ ሲደርስ ማን ይረከባል? «እናያለን» ካሏችሁ ሌላ ተቋም ፈልጉ። አንድ ላብ ውስጥ አንቲቦዲው መጋዘን ተቀምጦ ሲበላሽ ዓይኔ አይቷል።

ለእህቶቻችን ሁለት ጭማሪ አለ። የሎሬያል-ዩኔስኮ ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች የሚሰጠው ሽልማት ለፖስት ዶክ 15,000 ዩሮ ይሰጣል፤ ኦደብሊውኤስዲ (በታዳጊ አገሮች ያሉ የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት) ደግሞ ለጀማሪ ተመራማሪ ሴቶች እስከ 50,000 ዶላር። ደመወዝ አይተኩም፣ ግን ሲቪ ላይ ይከብዳሉ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ኤንአይኤች (የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት) ለፖስት ዶክ የሚሰጠው ኤፍ32 ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይፈልጋል። በቪዛ ያለ ሰው የሚያየው ኬ99 የተባለውን ሌላ የኤንአይኤች ድጋፍ ነው፤ እሱ ዜግነት አይጠይቅም፣ ግን የፖስት ዶክ ጊዜያችሁ ከአራት ዓመት መብለጥ የለበትም። በሦስተኛው ዓመት ማሰብ ብትጀምሩ ዘግይታችኋል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ባይሳካ አስተካክሎ ድጋሚ ማስገቢያ ጊዜ አይተርፋችሁም።

ለተቀባይ ላብ የምትጽፉትን ኢሜይል በተመለከተ፦ አንድ ገጽ አያይዙ፣ አንድ የራሳችሁ ግራፍ ይኑርበት፣ የትኛውን ፌሎውሺፕ ለየትኛው ወር እንደምታመለክቱ በስም ጻፉ። «ዲር ሰር» ብሎ ለሃምሳ ሰው የተላከ መሆኑን ፕሮፌሰሮቹ ወዲያው ያውቁታል።