እህቴ አሜሪካ ውስጥ በስለት ተወግታለች፤ ወረቀት የላትም፣ ልጆቿ ፍኖተ ሰላም ናቸው

የማርቆሱ
ጤና ይስጥልኝ። እህቴን ዴንቨር ሥራ ቦታዋ ላይ ዘራፊ በስለት ወግቷት ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። ቪዛዋ ካለፈ ቆይቷል። ፖሊስ ቃሏን ተቀብሏል፣ ሰውየው ግን አልተያዘም። ለተጎጂ የሚሰጥ ቪዛ አለ ይሉናል። ሁለቱ ልጆቿ ፍኖተ ሰላም እናታችን ዘንድ ናቸው፤ ትልቁ 20 ዓመት አልፎታል። እኛ ከዚህ ምን እናዘጋጅ?

ጮቄ
እግዜር ይማራት ወንድሜ። አለ፤ ዩ ቪዛ ይባላል። ሰውየው ባይያዝም፣ ባይፈረድበትም ማመልከት ትችላለች። ማመልከቻው ቅጽ አይ-918 ነው፣ ክፍያ የለውም። ነገሩን የሚይዘው ግን አብሮት የሚገባው «ሰፕልመንት ቢ» ነው፦ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ «ተጎጂዋ ለምርመራው ተባብራለች» ብሎ የሚፈርምበት። ከተፈረመ በ6 ወር ውስጥ ካልገባ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የሕክምና ማስረጃው፣ የቁስሉ ፎቶና የራሷ የጽሑፍ ቃል ቀድመው ይዘጋጁ፤ ፊርማው በመጨረሻ ይጠየቅ።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላም አለ። ዝርፊያ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ በስሙ የለም፣ ከባድ የአካል ጥቃት ግን አለ። ፈራሚው «ዝርፊያ» ብቻ ጽፎ እንዳይተወው፣ ስለቱና ጉዳቱ በፖሊስ ሪፖርቱ መስፈራቸውን ጠበቃዋ አስቀድሞ ይይ።

ዳሞት
እኔን ያስጨነቀኝ የትልቁ ልጅ ነገር ነው። የሚቆጠረው እናቱ ባመለከተችበት ቀን ያለው ዕድሜ ነው፤ ያን ቀን 21 ካልሞላው ውሳኔው ቢዘገይም አይወድቅም። ማግባት ግን የለበትም። አያቱ ሚስት አጭተውለት ከሆነ ሠርጉ ይቆይ።

ከቀበሌው ወሳኝ ኩነት የሁለቱንም የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ። የእናትየው ስም ከፓስፖርቷ ጋር በፊደል እንዳይለያይ። ዘመኑን ስትቀይሩ በጅምላ 8 አትደምሩ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው። ለ20 ዓመት ልጅ የአንድ ዓመት ስህተት ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ ትርጉሙ ላይ ተርጓሚው ቋንቋውን እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ አረጋግጦ ይፈርም።

ጮቄ
ልክ ነው። መጠበቁ ግን ረጅም ነው፣ ለዋና አመልካቾች በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። በመካከሉ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ካለፈች የሥራ ፈቃድ ልታገኝ ትችላለች። ለተዝካርም ሆነ ለሠርግ ብላ ከአገር እንዳትወጣ፤ ያለ ወረቀት ከዓመት በላይ ኖሮ የወጣ ሰው የ10 ዓመት የመግቢያ እገዳ ያገኘዋል።

የሆስፒታሉን ዕዳም አትርሱት። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ለወንጀል ተጎጂዎች የካሣ ፈንድ አለው፤ ሌላ ከፋይ ያልሸፈነውን ሕክምናና የቀረ ደመወዝ ይተካል። የማመልከቻ ጊዜው ስለሚያልፍ ቪዛውን ሳትጠብቅ አሁን ትጠይቅ፤ ደረሰኝ አትጣል።

ቅጹን የሚሞላላት ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና የሰጠው ወኪል ይሁን። እዚያ «ኖታሪ» ማለት ፊርማ አረጋጋጭ ነው፣ ጠበቃ አይደለም። «በሦስት ወር አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ካለ ይዋሻል።

የቡሬዋ
ጥቃቱን ያደረሰው ባል ቢሆንስ?

ዳሞት
ባልየው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ ሌላ በር አለ፤ ቅጽ አይ-360። የፖሊስ ፊርማ አይጠየቅበትም፣ ባልየውም እንዲያውቅ አይደረግም። ከተፋቱም በ2 ዓመት ውስጥ ይቻላል።