የአዲንዳንና የደብሊውጂኤስ 84 ነጥቦች በአንድ ፋይል ተቀላቅለውብኛል፤ እርዳታችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ የጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታና የቦታ መረጃ ሥርዓት) ተጠቃሚዎች፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። በጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ ያሉትን ምንጮችና የቀበሌ ወሰኖች በአንድ ካርታ አሰባስቤ ለልማት ሠራተኞች ሥልጠና ላውለው አስቤ ሳለ መላ ያጣሁለት ችግር ገጥሞኛል። ወሰኖቹ ከቆዩት የ1:50,000 ካርታዎች የተቀዱ በመሆናቸው በአዲንዳን፣ ማለትም በቆየው ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ)፣ የተመሠረቱ ናቸው፤ በእጅ ጂፒኤስ የተለቀሙት ነጥቦች ደግሞ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም በደብሊውጂኤስ 84 ናቸው። ሁለቱም በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚገልጽ የካርታ ፍርግርግ) ዞን 37 ሰሜን ስለሚጻፉ ቁጥራቸውን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ሲደራረቡ ግን የአዲንዳኑ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። ወሰኖቹን ለኢትዮጵያ በሚያገለግለው ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 የሽግግር እሴት (በኤክስ፣ ዋይና ዜድ አቅጣጫ −165፣ −11፣ 206 ሜትር) በኪውጂአይኤስ የካርታ ሶፍትዌር አስተካክያለሁ።

ያስቸገረኝ በሌላ ሰው በኩል የደረሰኝ የምንጮች ፋይል ነው። ነጥቦቹ በየትኛው ዳተም እንደተጻፉ የሚገልጸው የፒአርጄ ፋይል የለውም፤ ይባስ ብሎ ከፊሉ ነጥብ ከአዲንዳን፣ ከፊሉ ከደብሊውጂኤስ 84 የመጣ ይመስላል። አብያተ ክርስቲያናት ቢሆኑ በሳተላይት ምስል ላይ ክብ ጣሪያቸውና በዙሪያቸው ያለው ደን ስለሚያጋልጣቸው ማመሳከር አያዳግትም፤ ምንጭ ግን ከላይ አይታይም፣ አንዳንዱም ከወንዙ ማዶ ገደል ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

እያንዳንዱን ምንጭ በእግር ሳልዞር፣ ለምሳሌ ከከፍታ መረጃ ጋር በማነጻጸር፣ ነጥቦቹን የምለይበት ዘዴ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ፣ የተረጋገጠ የአካባቢው የምንጮች መረጃ ወይም ስለ ዳተም ሽግግር በአማርኛ የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ ያላችሁም ብታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የተስተካከሉትን ወሰኖች ለሚፈልግ ሁሉ እልካለሁ።