ኬኤምኤስ 17 ላይ ቆሟል፤ ኦፊስ አክቲቬት ሲሆን ዊንዶውስ ለምን እምቢ አለ?

ቦርከና፦
ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ ያለ የፋብሪካ ቢሮ ነው። 30 ዴስክቶፕ አለን፣ ሁሉም ዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ ፈቃዱ የቮልዩም (ለድርጅት በጅምላ የሚሰጠው) ነው። ዶሜይን (ማሽኖቹን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሲስተም) የለንም፤ የኬኤምኤስ ሰርቨሩን (የቢሮውን ዊንዶውስና ኦፊስ አክቲቬት የሚያደርገውን) አድራሻ በየማሽኑ በእጅ ነው ያስገባነው። 18ቱ አንድ በአንድ ነው የተጫኑት፣ 12ቱ ከአንድ ዲስክ ክሎን ተደርገዋል። ኦፊስ ከሁለት ማሽን በቀር ሁሉም ላይ አክቲቬት ሆኗል። ዊንዶውስ ግን አንዱም ላይ አልሆነም። ኤረሩ መጨረሻው ኤፍ038 ነው፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ኤፍ06ሲ ይላሉ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ቆጠራ 17 ላይ ቀጥ ብሏል። 17 ከየት መጣ?

ጦሳ፦
አብሽር፣ ቁጥሩ ራሱ ይነግርሃል። ኬኤምኤስ ዊንዶውስን አክቲቬት የሚያደርገው 25 የተለያዩ ማሽኖች ሲጠይቁት ነው፤ ለኦፊስ 5 ይበቃዋል። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ስም ወይም አይፒ ሳይሆን ሲኤምአይዲ የሚባለውን መለያ ነው። ክሎን ሲደረግ መለያውም አብሮ ይገለበጣል፣ ስለዚህ 12ቱ ለሰርቨሩ አንድ ማሽን ናቸው። ከ18ቱ ላይ ኤፍ06ሲ የሚሉትን ሁለቱን ቀንስና አንድ ጨምር፤ 17።

ክሎን ከሆኑት ሁለቱ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕቱን በአድሚን ክፈትና ኤስኤልኤምጂአር (የዊንዶውስ ፈቃድ ትዕዛዝ) ስላሽ ዲኤልቪ በል። የሲኤምአይዲው መስመር ፊደል በፊደል አንድ ከሆነ ጉዳዩ ይኸው ነው። በ12ቱም ላይ በዚሁ ትዕዛዝ ስላሽ ሪአርም (መለያውን ይቀይራል)፣ ከሪስታርት በኋላ ስላሽ ኤቲኦ (አክቲቬሽን ይጠይቃል) በል። ሪአርም የሚፈቀደው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ በሙከራ አታባክነው። ቆጠራው 25 እስኪሞላ የመጀመሪያዎቹ አሁንም ኤፍ038 ቢሉ አትደንግጥ፤ በየ2 ሰዓቱ ራሳቸው ይሞክራሉ። ለወደፊቱ ዋናውን ዲስክ ከመገልበጥህ በፊት ሲስፕሬፕን (ዊንዶውስን ለክሎን የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም) በጀነራላይዝ (መለያውን በሚያጸዳው ምርጫ) አስኪደው።

ሐይቅዳር፦
ኤፍ06ሲ የሰዓት ነው። የማሽኑና የሰርቨሩ ሰዓት ከ4 ሰዓት በላይ ከተራራቀ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። እኛ አገር ይሄ በቀላሉ ይመጣል፦ ተጠቃሚው ጠዋት «2 ሰዓት» እንዲልለት ብሎ ሰዓቱን በ6 ወደኋላ ይጎትተዋል። ታይም ዞኑን ናይሮቢ ላይ አድርገህ ሰዓቱን መልስ፣ የመቀየር ፈቃዱንም ከተጠቃሚው ውሰድ። ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ከሄደ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ሰዓቱን ብቻ ካስተካከልክ መብራት ሲጠፋ ይመለስብሃል፤ ባትሪዋን ቀይራት።

ቦርከና፦
ሲኤምአይዲው እውነትም አንድ ነው። ሁለቱ ላይም ሰዓቱ በ6 ተጎትቷል። ደሴ ቅርንጫፍ የሚቀመጡ 3 ላፕቶፖችንስ?

ጦሳ፦
ኬኤምኤስ የሚሰጠው 180 ቀን ነው፣ ማሽኑም በየ7 ቀኑ ሊያሳድስ ይሞክራል። ደሴ ሆነው በቪፒኤን ሰርቨሩን የማያገኙ ከሆነ ጊዜው ያልፍባቸዋል። ለእነሱ ኤምኤኬ ቁልፍ (ያለ ኬኤምኤስ ሰርቨር አክቲቬት የሚያደርግ) ተጠቀም፤ በኢንተርኔት አንዴ ካለፉ በቃ። ግን መጀመሪያ ሲገዙ ምን እንደነበራቸው እይ። የቮልዩም ዊንዶውስ አፕግሬድ ነው፤ ከሱቅ ዊንዶውስ ሆም ይዞ የመጣ ላፕቶፕ አይሸፈንም፣ የፕሮ ፈቃድ መግዛት አለባችሁ። የኤምኤኬ ቆጠራ ደግሞ ውስን ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ሲጫን ሌላ አንድ ይቆረጣል።