ፒስ ሊሊና ሞንስቴራ በመስኮት ፀሐይ ቅጠላቸው እየነጣ ነው፤ ምን ይሻላል?

አበባየሆሽ (የካ አባዶ)
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ፒስ ሊሊና አንድ ሞንስቴራ የሚባሉ የቤት ውስጥ ተክሎች አሉኝ፣ ሁለቱም በጥቁር ፕላስቲክ ፖት። ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው፣ የሳሎኑ መስኮት ወደ ምዕራብ ያያል። ፖቶቹ ከመስታወቱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢርቁ ነው። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ቦታ ደህና ነበሩ። ከጥቅምት ወዲህ ግን ወደ መስታወቱ የዞሩት ቅጠሎች መሃላቸው እንደ ወረቀት ይነጣል፣ ከዚያ ቡኒ ሆኖ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ፒስ ሊሊው ከሰዓት በኋላ ጠውልጎ ይተኛል። ውሃ በየቀኑ ይጠጣል፤ አሁን ደግሞ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ። መጋረጃውን ሙሉ መዝጋት ቤቱን ያጨልማል። ቦታ መቀየር ግድ ነው ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጓሮና ሰገነት (ሰበታ)
እህታችን፣ ሁለት ችግር ተደራርቦብሻል፤ ለየብቻ እንያቸው።

ነጥቶ ቡኒ የሚሆነው የፀሐይ ቃጠሎ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ወደ መስታወቱ የዞረው ገጽ ብቻ ይጎዳል፣ በሌላ ቅጠል የተጋረደው ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዴ የላይኛው ቅጠል ጥላ ቅርጹን ጠብቆ እንደ ማኅተም ታትሞ ይታያል። ፒስ ሊሊ በተፈጥሮው በሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ከትልልቅ ዛፎች ስር የሚበቅል ነው፤ ቅጠሉ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ብርሃን ሲመጣበት አረንጓዴው ቀለም ይፈርሳል።

ክረምት ላይ ለምን ደህና ነበሩ? ደመናው መጋረጃ ሆኖላቸው ነዋ። መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይከፈታል፣ ተክሉ ግን በደመናው ብርሃን የሠራውን ቅጠል ይዞ ነው በጋን የሚቀበለው። የምዕራብ መስኮት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል፣ የላይኛው ጠርዙ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ያለ መስኮት ጨረሩን ከ3 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ፖቱን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ብቻውን ዋጋ የለውም። ከላይ ያለው በረንዳም የቀትሩን ፀሐይ እንጂ የማታውን አይከልልም።

የሚሠራው መስኮቱ አጠገብ ካለው ግድግዳ ጋር ወደ ጎን ማስጠጋት ነው። ጨረሩ በቀጥታ የማይደርስበት፣ ነገር ግን ከተክሉ ቦታ ሆነሽ ስታዪ ሰማይ የሚታይበት ጥግ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት በየሰዓቱ ወለሉ ላይ ፀሐይ ያረፈበትን ዳር በጠመኔ ምልክት አድርጊ፤ አንድ ቀን ይበቃል። ከምልክቱ ውጪ ያለው ሁሉ ለፒስ ሊሊ ይሆናል።

ቦታ ካልተገኘ ነጭ ስስ መጋረጃ። ጥቁሩን ትተሽ ነጩን፤ ጥቁር ጨርቅ ሙቀት ይይዛል። ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዪ። በቂ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ወረቀት ተክሉ ጋ አስቀምጠሽ እጅሽን ከላዩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዢ። የጣቶችሽ ጥላ ዳሩ የተሳለ ከሆነ ሁለተኛ ድርብ ጨምሪ። ዳሩ የደበዘዘ፣ ግን የእጅ ቅርጽ መሆኑ የሚለይ ከሆነ ልክ ነው። ጥላው ጭራሽ ካልታየ ደግሞ አብዝተሽዋል።

ቅጠልያ (ለገጣፎ)
የአዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታ መዘንጋት የለበትም። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌቱ (ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር) በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የሚያቃጥለው እሱ ነው። የመስታወት ስቲከር መለጠፍ ወይም መስታወቱን ከውጭ ኖራ መቀባት ይሻላል፤ ግሪንሃውስ ላይ የቆየ ዘዴ ነው።

መስኮት አንባቢ (ገላን)
ቁጥሩ ልክ፣ ድምዳሜው ግን ለበረንዳ እንጂ ለሳሎን አይሆንም። ተራ የመስኮት መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን አጭሩን አልትራቫዮሌት አብዛኛውን ያስቀራል። ከመስታወት ኋላ ያለውን ቅጠል የሚጎዳው የሚታየው ብርሃን ብዛትና ሙቀቱ ነው። ለዚህም ነው «አልትራቫዮሌት ይከላከላል» የተባለ ጥርት ያለ ስቲከር ተክል የማያድነው። ወተት የመሰለ፣ ብርሃን የሚበትን ስቲከር ከሆነ አዎ።

ኖራ አልሙኒየም ፍሬም ላይ እንዳይደርስ፤ እርጥቡ ኖራ አልሙኒየም ይበላል። ደግሞስ ከ3ኛ ፎቅ መስታወት ውጪ ተንጠልጥሎ ማን ይቀባል?

ሰው የማያስተውለው ሌላም አለ። ፊት ለፊት አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ካለ ነጸብራቁ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት እንኳ ሊገባ ይችላል። ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ከታየ ምንጩ እሱ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣ መጋረጃው እስከ መስኮቱ ታችኛው ጠርዝ መውረድ አለበት።

አበባየሆሽ (የካ አባዶ)
እናመሰግናለን። ቢጫ ስለሆኑት የታችኞቹስ? የተቃጠለው ቅጠልስ ይቆረጥ?

ጓሮና ሰገነት (ሰበታ)
ቢጫው የውሃ ብዛት ይመስላል። ፒስ ሊሊ በሙቀት ሲጠወልግ የጠማው ስለሚመስል ሰው ውሃ ይጨምርለታል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ «ዛሬ መጥታለች» ተብሎ ሁሉም ፖት ይጥለቀለቃል። ጣትሽን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አስገቢ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከተኛ ሙቀት ነው፣ ሲመሽ ይነሳል። ጠዋትም ካልተነሳ ሥሩን እዪ።

ፖቱን ገልብጠሽ አውጪው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። ቡኒ ሆኖ የላመ፣ ሲጎትቱት ቅርፊቱ እንደ ካልሲ ወልቆ ቀጭን ክር ብቻ የሚተው ከሆነ በስብሷል። እሱን በንጹሕ መቀስ ቁረጪና በሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አተር በሚያካክል ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) መልሰሽ ትከዪ። የፖቱ ቀዳዳ አለመደፈኑን አረጋግጪ።

ወደ ጥላ ካዞርሽው በኋላ ውሃ የሚጠጣው ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ከፀሐይ ያድነውና በውሃ ይገድለዋል። የላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ ከታች እስኪፈስ አጠጪ፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፊ፣ ከዚያ እስኪደርቅ አትንኪው።

የተቃጠለው አይሽርም። ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ ግን አትቁረጪው፣ ምግብ እየሠራ ነው። ቡኒውን ብቻ፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የሞተ ዳር አስቀርተሽ ቁረጪ፤ ወደ ሕያው ክፍል ከገባሽ ዳሩ እንደገና ይደርቃል። አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ማዳበሪያ የለም።

ጥቁሩን ፖት ነጭ ፖት ወይም ቅርጫት ውስጥ አስቀምጪ፤ ፀሐይ ያረፈበት ጥቁር ፕላስቲክ ሥሩን ያሞቃል።

መስኮት አንባቢ (ገላን)
የበጋ አቧራም አለ። በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ በዘይት ግን እንዳታብረቂው፣ አቧራውን ይይዛል፣ የቅጠሉን መተንፈሻም ይደፍናል።

ቅጠልያ (ለገጣፎ)
የኖራውን ነገር ተቀብያለሁ። ሞንስቴራው ግን ከፒስ ሊሊው የበለጠ ብርሃን ይችላል፤ እሱን ስስ መጋረጃው ኋላ ተዪውና ፒስ ሊሊውን ወደ ግድግዳው ውሰጂው። ሞንስቴራውን ሌላ ጊዜ የጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኝ ቦታ ማስጠጋት ከፈለግሽ በ30 ደቂቃ ጀምረሽ በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ጨምሪ። ምዕራብ መስኮቱ ላይ እንደ ልቡ ፀሐይ የሚችል ነገር ካስፈለገ እሬት ወይም ቁልቋል ነው፤ እነሱም ከጥላ ቤት በቀጥታ ከመጡ መጀመሪያ ይቃጠላሉና በተመሳሳይ አለማምጃቸው።