«የሮም ሕዝብ ወንድሞች» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንታዊት ጋሊያ፣ ስለዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ኤዱዊ የሚባል ጎሳ አለ። የሮም ሴኔት «ወንድሞችና የሥጋ ዘመዶች» ይላቸው ነበር። ዝምድናው ከየት መጣ? «የጡት ልጆች» ብለው ያስኬዳል?

— አያስኬድም። የጡት አባት ከላይ ነው፣ ልጁ ከታች። እዚህ ቢያንስ በአፍ እኩል ናቸው። የደም ነገርም የለበትም፤ ማዕረግ ነው። ሮም ብዙዎችን «ወዳጅ» ትላለች። ከጋሎች መካከል የወንድምነት ስም የያዙት ግን ኤዱዊዎች ብቻ እንደሆኑ የሮም ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ጽፏል።

— እሺ፣ ግን ወንድምነቱ ምን ጠቀማቸው? ከጎረቤቶቻቸው ከሴኳኒዎች ጋር በሶን ወንዝ ቀረጥ ይናጩ ነበር። ሴኳኒዎች ከራይን ወንዝ ማዶ የጀርመኖችን ንጉሥ አርዮቪስቱስን ከነጦሩ በገንዘብ አስመጡ። ኤዱዊዎች ተሸነፉ፤ የመኳንንቶቻቸውን ልጆች መያዣ ሰጡ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ዲቪቲያኩስ ሮም ድረስ ሄዶ ሴኔቱን ቢለምን ባዶ እጁን ተመለሰ። ይባስ ብሎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ59 ሮም ያንኑ አርዮቪስቱስን «ወዳጅ» ብላ ሰየመችው! በዓመቱ ቄሳር ጋሊያ ሲገባ ግን «ወንድሞቻችን ተደፈሩ» ብሎ አርዮቪስቱስን ወጋው። ስሙ ያኔ ጠቀመ፤ ለማን እንደጠቀመ እናንተው ፍረዱ።

— የዲቪቲያኩስ ወንድም ዱምኖሪክስ ደግሞ ሮምን ዓይኗን ማየት አይፈልግም ነበር። በ54 ቄሳር ወደ ብሪታንያ ይዤህ ልሂድ ቢለው አመለጠ። ፈረሰኞች ደርሰው ገደሉት። «ነፃ ሰው ነኝ፣ የነፃ አገር ሰው!» እያለ ነው የሞተው።

— በነገራችን ላይ «ጎሳ» የሚለው አልተዋጠልኝም። ቢብራክቴ የምትባል ዋና ከተማ አላቸው። ቨርጎብሬት የሚሉትን ሹም በየዓመቱ ይሾማሉ። ሰውን በሞት የመቅጣት ሥልጣን አለው፤ ከአገሩ ወሰን መውጣት ግን ክልክል ነው። እኔ ብሆን «አገር» ወይም «ሕዝብ» እላለሁ።

ጠያቂው፦ «ሕዝብ» ይሻላል፣ ተቀብያለሁ። «ከአንገት በላይ ወንድሞች» ብለውስ?

— ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን ፍርድ እየሰጠህ ነው። በ52 ኤዱዊዎች ሮምን ከድተው፣ የጋሎችን አመፅ ከመራው ከአርቬርኒው ቬርሲንጌቶሪክስ ጋር ተሰለፉ። ቬርሲንጌቶሪክስ ከተሸነፈበት ከአሌሲያ ከበባ በኋላ ቄሳር ለኤዱዊዎችና ለአርቬርኒዎች 20,000 ገደማ ምርኮኛ ሲመልስ፣ የሌሎቹን ለወታደሮቹ ባሪያ አድርጎ አደለ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ48 በንጉሠ ነገሥት ክላውዲየስ ዘመንም የሮም ሴኔት አባል የመሆን መብት ቀድመው ያገኙት ኤዱዊዎች ናቸው። «ወንድሞች» ብለህ በጥቅስ ምልክት ተወው። ማዕረግ መሆኑን በግርጌ ማስታወሻ ጻፍ።